ሃያ ሦስት ኪሎና አንድ አኩፋዳ

ጎጃም ወርዶ መምህራንን ለመደገፍ የተነሣ ፈረንጅ መጀመሪያ የሚጣላው ከሚዛን ጋር ነው። ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፤ ከዚያ በላይ በገንዘብ ነው። እንበልና ተጓዧ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ከአንዲት ዝናባማ የእንግሊዝ ከተማ በቅርቡ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መድረሻቸው ፍኖተ ሰላም ነው፤ አልፎ አልፎ ቡሬ ብቅ ይላሉ፣ በየገጠሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶችም ይጎበኛሉ። ሻንጣው ሳሎን መሐል አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የውኃ ማጣሪያ ገብቷል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ አጎበር፣ የወባ ኪኒን፣ ኪሱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሱሪ፣ አራት ፓኮ ባለቀለም እስክሪብቶ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልልቅ ወረቀት፣ ጡብ የሚያህል የሰዋስው መጽሐፍም ገብቷል። ሲመዘን 27 ኪሎ ሆነ። አራት ኪሎ መልቀቅ አለበት። አራት ኪሎን መልቀቅ ደግሞ ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ለሻንጣም ከባድ ነው።

በመጨረሻ የወጣው የክት ቀሚሳቸውና ደኅናው ጫማቸው ነበር። «ገጠር አይደል የምሄደው?» አሉ ለራሳቸው። ይህች ውሳኔ በኋላ ታስቆጫቸዋለች።

የሚሄዱበት አገር ስለ ጓዝ የራሱ ሥርዓት አለው። ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ተነሥቶ እስከ ወሎው ዋድላ ድረስ ቅኔ ፍለጋ የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ዕቃው ሦስት ነበር፤ ደበሎ፣ ዱላና አኩፋዳ። የበግ ለምዱ ደበሎ ልብሱም ፍራሹም የዝናብ ካፖርቱም ነው። ዱላው ለውሻ ነው። አኩፋዳው ግን ከቤት ሲወጣ ባዶ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍ ላይ ሲቆም የሚሰጡት ቁራሽና ቆሎ እንዲገባበት፣ ልጁ ተሸክሞት የሚሄደው ባዶ ቦታ ነው። በዘመኑ የአየር መንገድ ሚዛን ላይ ቢወጣ ሦስቱም ዕቃ ተደምሮ በእጅ ከሚያዘው ቦርሳ አያልፍም ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። የትውልድ አገሩ ማንኩሳ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለሚሄድ ሰው በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ናት። በዛብህ ከሰው ቤት ለማስተማር ሄዶ ምን እንደደረሰበት አንባቢ ያውቀዋል፤ ለበጎ ፈቃደኞች የቅድመ ጉዞ ስልጠና የሚመከር መጽሐፍ አይደለም።

ከሻንጣው ቀጥሎ መርፌው ነው። የቢጫ ወባ፣ የታይፎይድ፣ የጉበት፣ የማጅራት ገትር። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን የእብድ ውሻው ነው፤ አንድ ጊዜ ተወግተው የሚገላገሉት አይደለም፣ እየተመላለሱ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ክትባቱ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። በትንንሽ ከተሞቻችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መንገዱ የውሻ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ነገር ግን የፍኖተ ሰላም የአምስት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን መከላከያ የትኛውም የጉዞ ክሊኒክ አይናገርም፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣ መምሰል። ድንጋዩ መኖሩ ግዴታ አይደለም። የጎጃም ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ የቀረውን ራሱ ይገምታል።

ወባውም እውነት ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አታጣትም፤ ስለዚህ አጎበሩ ቦታውን አላጣበበም። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለችው ቁንጫ ናት። ቁንጫ ክትባት የላትም፣ አጎበር አያግዳትም፣ ከላይ አትመጣምና። ከገጠር ትምህርት ቤት ጉብኝት የተመለሱ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ሲጫወቱ ከፖለቲካም ከሥርዓተ ትምህርትም በፊት የሚነሣው የእሷ ጉዳይ ነው።

ልኩን ባልጠበቀ ዝግጅት ወደዚህ አገር የገባው ግን አስተማሪ ብቻ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ይዞ ከሱዳን የተነሣው፣ ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ይመራው የነበረው ጦር ጓዙን የጫነው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። ግመል የሜዳና የቆላ ፍጥረት ነው፤ ዳገቱን፣ ድንጋዩንና የደጋውን ብርድ አልቻለውም። ጦሩ ከጎጃም አርበኞች ጋር ቡሬን፣ ማንኩሳንና ደምበጫን እያስለቀቀ ሲያልፍ ግመሎቹ በየመንገዱ ወድቀው ቀሩ። የከተማዋ ሰዎች እንደሚያወጉት ወጀት ስትባል የኖረችውን መንደር ንጉሠ ነገሥቱ «ፍኖተ ሰላም» ያሏት በዚያ ጉዞ ምክንያት ነው። እንግዲህ ስሟ ራሱ ከጓዝና ከመንገድ የተወለደ ነው። ሴትዮዋ ሳያውቁት የግመሎቹን ስሕተት በባለ ጎማ ሻንጣ ሊደግሙት ነው፤ የሻንጣ ጎማም እንደ ግመሉ ለዚህ ኮረት አልተፈጠረም።

ለማስተማር ብለው በገፍ የመጡት አሜሪካውያን ናቸው። «ፒስ ኮር» የሚሉት የበጎ ፈቃደኞቻቸው ድርጅት፣ የሰላም ጓድ፣ የመጀመሪያው ቡድን፣ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች፣ በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክረምት ሰልጥነው በ1955 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ገቡ። አለቃቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ፤ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነዋል። ወሊሶ የተመደበው ፖል ሶንጋስም እንዲሁ ሴናተር ሆነ፣ ለፕሬዚዳንትነት እጩነትም ተወዳደረ። በየክፍለ ሀገሩ በነበሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእነሱ መምጣት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዲግሪ ያለው መምህር እንደ ጨው በሚፈለግበት ዘመን ነበርና። ጓዱ በ1969 ዓ.ም. ወጣ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለጥቂት ዓመታት ተመልሶ እንደገና ወጣ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። ከአሜሪካ የተነሡት ግን በራሳቸው አቆጣጠር በ2007 ነበር። ሰባት ዓመት ወጣት ይሆናሉ የሚለውን የቱሪስት ቀልድ ደጋግሞ መስማት የዝግጅቱ አካል ነው፤ አንድም በጎ ፈቃደኛ አላመለጠውም።

አማርኛው ራሱን የቻለ ሻንጣ ነው። ፊደሉን አይቶ የሚደነግጥ ተማሪ ቢኖርም የሚያስቸግረው ፊደሉ አይደለም፤ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ቀ ናቸው። ከአውሮፓ የመጣ ምላስ «መጣ» እና «መታ»ን አንድ አድርጎ ይገላገላል። ስለዚህ ሴትዮዋ መምህራኑ በተሰበሰቡበት በኩራት ቆመው «ርዕሰ መምህሩ ትናንት ቤቴ መታ፤ ዛሬም መታ» ሲሉ ቢሮው ዝም ይላል። ርዕሰ መምህሩም መሬት መሬት ያያል።

የቀኑና የሰዓቱ አቆጣጠርም ሻንጣው ውስጥ መግባት አለበት። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ነው ሲባሉ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት የመሰላቸውና ጠዋቱን በሙሉ ያሳለፉት ብዙ ናቸው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ፀጋ» ብለው አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁበት መፈክር በፖስተር ላይ ያማረ ነበር፤ ፖስተሩን ያየ ሰው በሐምሌ ቡሬ ቢወርድ ግን ከአሥራ ሦስቱ አንዱን መልሱልኝ ማለቱ አይቀርም። ዝናቡ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲወርድ መምህሩ የሚያስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ድምፅ የሚባል ነገር ከክፍሉ ወጥቷል። ለዚህ ደግሞ ዝናብ ልብስ አይረዳም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ መሬቱ ያልቅና የአባይ በረሃ ይጀምራል። ሚኒባሱ ሙቀቱ ውስጥ ሲወርድ ሴትዮዋ በተፈጥሮ ሕግ መሠረት መስኮት ይከፍታሉ። ከኋላ «ዝጉት!» ይባላል። ትንሽ ቆይተው በጥቂቱ፣ በጣት ያህል፣ ይከፍታሉ። አሁን ከፊትም ከኋላም ነው። ነፋስ ሰው እንደሚጥል፣ አንገት እንደሚያጣምም፣ ሕፃን እንደሚያሳምም ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ቃል ይመሰክርባቸዋል። ኤምባሲው በላከላቸው የጥንቃቄ ወረቀት ላይ ሽፍታ አለ፣ ውኃ አለ፣ ፀሐይ አለ። መስኮት የለም።

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ የተከራዩት ክፍል ባለቤት፣ እንበልና አንዲት ባልቴት፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቡና ተፈልቷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ከሰላምታው በኋላ ምርመራው ይጀምራል።

«ባለቤትዎ የት አሉ?»

«ተለያይተናል።»

«ውይ! ልጅስ?»

«ሁለት።»

«እና ልጆችዎ እርስዎን ብቻዎን ወደዚህ ላኩዎት?» ባልቴቷ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኀዘን ለሴትዮዋ ነው፤ ቁጣው ደግሞ ለማያውቋቸው ሁለት የእንግሊዝ ልጆች። «ደመወዝስ ይከፍሉዎታል?» በበጎ ፈቃድ እንደሆነ ሲነገራቸው ዝም ብለው አንድ ስኒ ይጨምሩላቸዋል። በዚያች ሰዓት የሚያድነው ሻንጣው ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ነው፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ። ባልቴቷ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አልበማቸውን አውርደው ሠርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ ልቅሶውንም አንድ በአንድ ሲያሳዩ እንግዳዋ የሚያሳዩት የውኃ ማጣሪያ ብቻ ይሆናል። ለሚመጣው ተጓዥ ይህ ጽሑፍ አንድ ምክር እንዲሰጥ ቢፈቀድለት፣ ማጣሪያውን ትቶ የልጅ ልጆቹን ፎቶ እንዲይዝ ይለው ነበር።

በማግስቱ የክት ቀሚሱ ነገር መጣ። ሴትዮዋ ኪሱ ብዙ የሆነውን ሱሪ፣ የተራራ ጫማና የደበዘዘ ሸሚዝ አድርገው ትምህርት ቤት ሄዱ። የተቀበሏቸው መምህራን ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን ሊስትሮ ዘንድ መስታወት አስመስለው፣ በላዩ ነጭ ጋዋን ደርበው ነበር። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነና ኑሮ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ያ ሱፍ እንዴት እንደተገዛ ማሰብ ራሱ ትምህርት ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው ጥበቃ እንኳ ካፖርቱን ቆልፏል። ለማገዝ የመጡት ሰው ማን እንደሆኑ የማያውቅ አላፊ አግዳሚ ቢያይ እርዳታ ፈላጊዋን በትክክል ይለይ ነበር።

አሁን ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በሚጋሩት የጉድኝት ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ መምህራኑ ፔዳጎጂ ማዕከል ይሉታል። እዚያ ሲገባ ጣሪያው ድረስ የተሰቀለው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የጎጃም ገበሬ ዳፕና ዩሪያ ካራገፈ በኋላ ከረጢቱ አይጣልም። ግማሹ እህል ይሞላበታል፣ ግማሹ ትምህርት ቤት ይገባና ተገልብጦ በቀለም ይሣልበታል። የአፍሪካ ካርታ፣ የምግብ መፍጫ አካላት፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ማባዣ ሠንጠረዥ። ዝናብ አይበላውም፣ ምስጥ አይወደውም፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። መቁጠሪያው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፤ ቅርጻ ቅርጹ ከጭቃ፣ መዘውሩ ከሽቦ። ሴትዮዋ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ያጓጓዙትን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡና ቀስ ብለው መልሰው ከተቱት። ማጣበቂያው የሚይዘው ለስላሳ ግድግዳ ነው፤ የጭቃና የጭድ ግድግዳ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይወርዳል።

ክፍሎቹ ውስጥ የተማሪው ቁጥር ደንቡን አያውቀውም። ደንቡ ለአንደኛ ደረጃ ሃምሳ፣ ለሁለተኛ ደረጃ አርባ ተማሪ ለአንድ ክፍል ይላል። በቡድን ተቀምጦ መወያየት የሚለው ዘዴ ለአራት የሚሆን ዴስክ ላይ ስድስት ልጅ ከተቀመጠ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ ተማሪዎቹ ሳይፈልጉ ቡድን ናቸው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ሴትዮዋ የመጡት አነጋገር ለማስተካከል ጭምር ነው። ችግሩ ከእሳቸው በፊት ብዙ ሰው አስተካክሎት መቆየቱ ነው። የዛሬዎቹ አዛውንቶች በንጉሡ ዘመን ከህንድ በመጡ መምህራን ተምረው «ር»ን ጠቅልለው ያወጣሉ። ከእነሱ ጥቂት ቆይተው የተማሩት ከሰላም ጓዱ ወጣት ሰምተው «ዋራ» ይላሉ፤ ውኃ ማለታቸው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹ መምህር ሆነው የአዲስ አበባ እንግሊዝኛቸውን ጨመሩበት። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየወረደ፣ የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ፣ ተማሪው እጁን ሳያወጣ ራሱ መልሶ፣ «በጣም ጎበዝ» ብሎ አመስግኖ ያልፍ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል፤ እንደዚያ ያለ ከደመወዙ የማይቀጣ ቀሪ መምህር አገሪቱ አይታ አታውቅም። በዚህ ሁሉ ላይ የእንግሊዟ አስተማሪ የዮርክሸርን ወይም የዴቮንን ይጨምራሉ። የምዕራብ ጎጃም እንግሊዝኛ አንድ ዘዬ ሳይሆን የእንግዶች መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ስልጠና ቀን ደረሰ። ርዕሱ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ። ሴትዮዋ ሦስት ሌሊት አዘጋጅተውታል፤ ጨዋታ አለው፣ ካርድ አለው። ጥያቄ ካለ ሲሉ አንድ እጅ ወጣ።

«አበል አለው?»

እንግዳዋ ቅር አላቸው፤ ለጓደኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ላይም ይህንኑ በቃለ አጋኖ አስፍረውታል። ፍርዱ ግን ትንሽ የቸኮለ ነው። ያ መምህር ከቀበሌው ተነሥቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ፣ ከዚያ በጋሪ ወይም በባጃጅ ከተማ ገብቶ፣ ምሳ በልቶ፣ መሽቶበት ካደረም የአልጋ ከፍሎ ነው የሚመለሰው። የሴትዮዋን የአውሮፕላን ቲኬት የላካቸው ድርጅት ችሎታል፤ የእሱን ባጃጅ ማን ይችለው? ጥያቄው ስለ ገንዘብ ስስት አልነበረም። እሱም በጎ ፈቃደኛ መሆኑንና አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ ያልገባው ደግሞ ስልጠናው ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። አበል እንደሌለ ከተነገራቸው ውስጥ አብዛኞቹ አልሄዱም። ሦስቱን ጨዋታዎች በአማርኛ መልሰው፣ ካርዱን በማዳበሪያ ከረጢት ተክተው፣ ለሰባ ተማሪ እንዲሆን አድርገው እዚያው ሠሯቸው።

የተሻለ የሠራው መንገድም ይኸው አብሮ መሥራት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠው፣ መምህራኑ «ኤችዲፒ» የሚሉት የሃየር ዲፕሎማ ትምህርት የበጎ ፈቃደኛ ድርጅቱ የቪኤስኦ ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የመሩት ነበር። ዓመት የሚፈጅ፣ አሠልጣኙን ራሱን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ስለ ራሱ አስተማሪነት እንዲጽፍ የሚያስገድድ ነው። ብዙ መምህር አጉረምርሞበታል፤ ዶክተር የሆነ ሰው እንዴት የቤት ሥራ ይሰጠዋል ያለም ነበር።

ምግቡ ሴትዮዋን እንደፈሩት አላገኛቸውም። ሥጋ አይበሉም፤ ለዚህም ሦስት ቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት ይዘዋል። ምዕመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር፣ ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በሚያቀርብበት ከተማ ዱቄቱን ማን ይከፍተዋል? ችግር የሆነው ጾሙ ሲፈታ ነው። በፋሲካ ማግስት ሥጋ አልበላም ያለ እንግዳ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ባልቴቷ ሁለቱንም ጠርጥረው ሐኪም ሊያስጠሩ ነበር።

ቡሬ የሚሄዱበት ቀን ደግሞ ከገበያ ጋር ገጠመ። በርበሬ የደረሰበት ወቅት ነው፤ ከአካባቢው የመጣው ቀይ ዛላ በየሜዳው ተሰጥቷል፣ በከረጢት ተቆልሏል፣ በጋሪና በአህያ ይጫናል። ሴትዮዋ ከመኪና ሲወርዱ ማስነጠስ ጀመሩ። አላቆሙም። የመድኃኒት ቦርሳቸው ውስጥ ለዘጠኝ ዓይነት በሽታ የሚሆን ኪኒን ነበር፤ ለበርበሬ የሚሆን አልነበረም። አንዲት ነጋዴ ነጠላዋን ይዛ አፍንጫቸውን ሸፈነችላቸው፤ «ይማርዎት» አለች፣ ቀጥላም ዋጋ ጠራችላቸው።

ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ቢሆንም ዛሬ ሩቅ ይመስላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የሰላም ጓድ ብቻ ከመላው ዓለም 7,000 ያህል በጎ ፈቃደኞቹን በአንድ ጊዜ ጠራ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ደጃፋቸው ሣር አበቀለ። በዚያ ጊዜ ደመወዝ እየዘገየበት፣ መንገድ እየተዘጋበት ክፍል ለመክፈት የሞከረው መምህር የማንም ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሻንጣም አልነበረውም።

የሴትዮዋ ጊዜ ግን በሰላም አልቆ ነበር። የውኃ ማጣሪያው ለጎረቤት፣ የግንባር ባትሪው ለጥበቃው፣ አጎበሩ ለባልቴቷ፣ የሰዋስው መጽሐፉ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቀረ። ሻንጣው እንደ አኩፋዳ ባዶ ሆነ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ሽሮ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ የሒሳብ መምህሩ እናቱ የፈተሉት ነጠላ፣ ባልቴቷ ራሳቸው አስፈጭተው በሦስት ፌስታል ደራርበው የቋጠሩት በርበሬ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ «በሞቴ» ተብሏል። ቦሌ ላይ ሲመዘን 27 ኪሎ ሆነ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ሻንጣውን ከፈቱ፤ ምን እንደሚያወጡ እየፈለጉ ነጠላውን አነሡ፣ ሽሮውን አነሡ፣ ሁሉንም መለሱ። የመጡበትን የተራራ ጫማ አወጡ። ከጎናቸው የቆመው ፈታሽ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው።

«የቡሬ ነው አይደል?» አላቸው ዓይኑን እየጠረገ።